ራሱን የቻለ ልጅ፦ በነቀምቴና በወለጋ ከሞግዚት እጅ የመውጣት ታሪክ

አንድ ልጅ ከአሳዳጊዎቹ ሥልጣን ወጥቶ በራሱ ስም የሚዋዋል፣ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ለዕዳውም ራሱ የሚጠየቅ ሰው የሚሆነው መቼ ነው? የዛሬው የኢትዮጵያ ሕግ መልሱን በአንድ ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ 18 ዓመት ሲሞላው። እስከዚያ ድረስ ደኅንነቱን አሳዳሪው፣ ንብረቱን ሞግዚቱ ይጠብቁለታል። ይኸው ሕግ ግን በጎን አንድ ጠባብ በር ትቷል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅም ከሞግዚት አስተዳደር ነፃ ሊወጣ ይችላል። በዚያ በር ለማለፍ የሚመጣ ልጅ ምን ማስረዳት አለበት የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ጥርት ያለ መልስ የለውም። የነቀምቴና የዙሪያዋ የወለጋ ከተሞች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚህ አገር ወጣት ከሰው እጅ የወጣው የዕድሜ ቁጥር ስለሞላለት ብቻ አልነበረም፤ ራሱን ችሎ መኖር መቻሉን የሚያውቁትና የሚመሰክሩለት ሰዎች ሲኖሩ ነው። ነፃነቱ ከመተዳደሪያው ተነጥሎ በተሰጠበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ነፃ የተባለው ሰው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እጅ ገብቷል። ስለዚህ ሕጉ ሳይናገር ያለፈውን መስፈርት፣ ማለትም በሥራ የተገኘ መተዳደሪያን፣ በግልጽ ማስቀመጥ የሚገባው ይመስለኛል።

ከድሮው እንነሣ። በኦሮሞ ባህል ሀንዱራ የሚባል ሥርዓት አለ። ልጅ ሲወለድ አባቱ ከመንጋው አንዲት ጊደር ለይቶ ይሰጠዋል። ጊደሯ ከሌሎቹ ከብቶች ጋር ትሰማራለች፣ በአንድ በረት ታድራለች፣ እረኛዋም ያው የቤቱ እረኛ ነው። ነገር ግን የልጁ መሆኗ ይታወቃል፤ ስትወልድ ጥጃዋ የእርሱ ነው፣ የጥጃዋም ጥጃ እንዲሁ። ልጁ አድጎ ጎጆ ሲወጣ በአጠገቡ የቆመው ሀብት ከእርሱ ጋር ያደገ ሀብት ነው። ይህን ሥርዓት በሕግ ዓይን ስናየው ዛሬ የቤተሰብ ሕግ በብዙ አንቀጽ የሚደነግገውን ነገር ይዟል። ንብረቱ የልጁ ነው፤ የሚያስተዳድረው አባት ነው፤ አባቱ ሲያስተዳድር ደግሞ የሚያየው ጎረቤትና ዘመድ አለ። ልጁ ሲደርስ ሀብት አለው ወይስ የለውም ብሎ የሚከራከር አይኖርም፤ የትኛዋ ላም የማን እንደሆነች አገር ያውቃልና። ልጁም ከብቱን ሲጠብቅ፣ ሲያጠጣና ሲያክም በራሱ ንብረት ላይ ኃላፊነትን እየተማረ ያድጋል።

የገዳ ሥርዓትም የሚያሳየን ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከላት ከሆኑት አንዱ በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ ነው። በገዳ ሰው በስምንት ስምንት ዓመት ከእርከን ወደ እርከን ይሸጋገራል። የአንድ ልጅ ቦታ የሚቆጠረው ግን ከተወለደበት ቀን ብቻ ሳይሆን አባቱ ካለበት እርከን ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል አምስት እርከን፣ ማለትም 40 ዓመት፣ ይኖራል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች በተለያየ እርከን ሊገኙ ይችላሉ። ጥንት ሰው ዕድሜውን ስለማያውቅ ነው በሌላ ነገር የለካው የሚለው አስተያየት ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ዓመትን አጥብቆ የሚቆጥር ሥርዓት እያለም ለአንድ ወጣት ኃላፊነት የሚሰጠው በቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ምን ግዴታ እንደተወጣ፣ ከማን ጋር እንደቆመ፣ ምን እንደተማረ አብሮ ይታይ ነበር።

ይህን ያለፈ ዘመን ማሳመር ግን ስሕተት ይሆናል። ጎጆ የመውጣቱ መንገድ ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። በምዕራብ ኦሮሞ ቤት የበኩር ልጅ ማለትም አንገፋው በውርስ ከታናናሾቹ የተለየ ቦታ ነበረው። ለጋብቻ የሚከፈለው ገበራ ከአባት ከብት የሚወጣ በመሆኑ አባቱ ያልፈቀደለት ወንድ ልጅ ቤት ለመመሥረት ብዙ ይጠብቅ ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት ትሻገራለች እንጂ በራሷ ስም የምትቆምበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ከሁሉም በታች በባርነት የተያዙት ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ ሀንዱራም እርከንም ጎጆም የለም። የወለጋ ታሪክ ስለ ልጅ ነፃነት የሚሰጠን ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘውም ከእነዚህ ልጆች ሕይወት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰው የሚሸጥበትና የሚጋዝበት አገር ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ አዋጂ ገና ሕፃን ሳለ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከበው። ያን ጊዜ ልጁ 14 ዓመት ገደማ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስም ዛሬ የምናውቀው እርሱን ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1886 እ.ኤ.አ.፣ ባሪያ ጭኖ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር የነበረ መርከብ በጣሊያኖች ተይዞ ከተሳፋሪዎቹ መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነፃ ወጣች። እርሷም ዕድሜዋ 14 ዓመት አካባቢ እንደነበረ ይገመታል፤ እርሷም በእምኩሉ ወደነበረው የዚያው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች።

የእነዚህ ሁለት ልጆች ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ሁለቱም በአንድ ባለሥልጣን ወይም በአንድ ባሕር ኃይል ድርጊት በአንድ ቀን ነፃ ተባሉ። በዚያች ቀን ግን ወላጅ የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ የሚያርሱት መሬት የላቸውም፣ አገራቸውም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ነፃነታቸው በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ከባሕር ዳርቻ ለማኝነት ወይም ለሌላ ጌታ ከማደር የተሻለ ዕድል አልነበራቸውም። ነፃ ሰው ያደረጋቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኦኔሲሞስ ተማረ፤ ከ1876 እስከ 1881 እ.ኤ.አ. በስዊድን በዩሃነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቆየ፤ ተርጓሚነትና አስተማሪነት ሙያው ሆነ። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ምሳሌዎችን በመሰብሰብና በመጻፍ ለሥራው የማትተካ ሰው ሆነች። ሁለቱ በጋራ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ወጣ። አስቴር ከባርነት ወደ ባል ቤት በመግባት አይደለም ራሷን የቻለችው። ከእርሷ በቀር ሌላው በቀላሉ የማይሠራውን ሥራ በመያዝዋ ነው።

በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጡ። ከተማዋ ያን ጊዜ የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። በከሬ ጎዳና የመሠረተውን ግዛት ልጁ ሞረዳ በ1882 እ.ኤ.አ. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ገብሮ ውስጣዊ አስተዳደሩን ይዞ ቀጠለ፤ ቀጥሎም ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ገዛ። ደጃዝማቹ እንግዶቹን ተቀበላቸው፤ ነቀምቴም በኦሮምኛ ፊደል የሚቆጠርባት ከተማ ሆነች። በ1906 እ.ኤ.አ. ከቤተ ክህነት በኩል ክስ ተነሥቶ ኦኔሲሞስ እንዲጋዝ ተፈረደበት፤ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቅደው ስብከቱን ግን ከለከሉ። ኦኔሲሞስ ግን አልወደቀም። ሥራ ነበረው፣ የሚያውቀው ሰው ነበረው፣ የሚያስከብር ዕውቀት ነበረው። በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ እስኪሞት ድረስ ነፃነቱን የጠበቀለት በምጽዋ የተሰጠው የነፃነት ውሳኔ ሳይሆን በእጁ ያለው ሙያና በዙሪያው ያለው ሰው ነው። አስቴርም በዚያው በወለጋ ለብዙ ዓመታት አስተምራ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ኖራለች። ባርነትን ከዛሬው የልጆች የሕግ ጉዳይ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የወላጅ ሥልጣን ጥበቃ ነው፣ ባርነት ግን ንጥቂያ። የምጠቅሰው ስለ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከሰው ሥልጣን ሥር መውጣትና ራስን ችሎ መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእነዚህ ሁለት ሕይወቶች ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ የለም።

ለኦኔሲሞስ በ1916 እ.ኤ.አ. እንደገና እንዲሰብክ ፈቃድ የሰጠው ልጅ ኢያሱ ራሱ የዚህ ርእስ ሌላው ማስረጃ ነው። ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነቱ ሲታወጅ ልጅ ነበርና ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ተሾሙለት። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሌላ ሞግዚት ሳይተካ ኢያሱ በ16 ዓመቱ ገደማ ሥልጣኑን በእጁ አደረገ። በአገሪቱ ከፍተኛው ወንበር ላይ አንድ ልጅ ከሞግዚት ነፃ ሲወጣ የተጠየቀ ፈተና አልነበረም፤ ሀብቱና የዘር ሐረጉ በቂ ሆነው ተቆጠሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሥልጣን ወረደ። ለውድቀቱ የመኳንንቱ ፉክክር፣ የሃይማኖት ጉዳይና የዓለም ጦርነቱ ፖለቲካ ሁሉ ድርሻ እንዳላቸው የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ፤ ዕድሜው ብቻ ጣለው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንወስዳለን። የገንዘብ ብዛት ራስን ለመቻል ማስረጃ አይደለም። የወረሰ ልጅ ሀብታም ሊሆን ይችላል፣ ራሱን የቻለ ግን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መተዳደሪያ ማስረጃ ይሁን ስል የምለው የባንክ ደብተር ላይ ያለውን ድምር ሳይሆን ልጁ በሥራው ያገኘውንና በሥርዓት ያስተዳደረውን ገቢ ነው።

መንግሥት ነፃነትን በአዋጅ የመስጠት ልማዱን የጀመረው በባርነት ጉዳይ ነው። በ1916 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን መንገድ ዘረጋ፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ባርነትን ጨርሶ አስቀረ። ሁለቱም በታሪካችን ትልቅ ቦታ አላቸው። ነገር ግን ነፃ ለወጣው ሰው መሬት፣ በሬ ወይም ሙያ የሰጠ አዋጅ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በቀድሞ ጌቶቻቸው ደጅ በሎሌነት ወይም በጭሰኝነት ቀሩ። በወረቀት ነፃ የሆነው ሰው እንጀራውን ከዚያው እጅ ይቀበል ነበርና ትእዛዙንም ከዚያው መቀበሉ አልቀረም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ በኋላ መጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ልጅ ከሞግዚት ነፃ ስለሚወጣበት ሁኔታ የሚናገሩት አንቀጾች የፈረንሳይን የ1804 የሲቪል ሕግ ይመስላሉ። በዚያ ሕግ ልጅ በጋብቻ ወዲያውኑ ነፃ ይወጣ ነበር፤ አባት 15 ዓመት የሞላውን ልጁን ነፃ ሊያወጣ ይችል ነበር፤ ወላጅ ለሌለው ደግሞ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ይወስን ነበር። የእኛም ሕግ ሁለት በር አበጀ። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ ያገባ ልጅ ሌላ ነገር ሳይጠየቅ ነፃ ይሆናል። ሁለተኛው 15 ዓመት ለሞላው ልጅ የቤተ ዘመድ ጉባኤ የሚሰጠው ውሳኔ ነው። የሁለተኛው በር ሐሳብ ለወለጋ ሰው እንግዳ አልነበረም። የአገር ሽማግሌ ማለትም ጃርሳ ቢያ ተቀምጦ የቤተሰብን ነገር መመርመሩ የቆየ ልማድ ነውና። ሕጉ ግን ጉባኤው ምን እንዲመረምር አልነገረውም። ልጁ ከምን እንደሚተዳደር፣ ዕዳ እንዳለበት፣ ንብረቱን ማን እንደሚጠብቅለት መጠየቅ ለጉባኤው አባላት ቅን ልቦና ተተወ።

ዋናው ጉዳት ያለው ግን በመጀመሪያው በር ላይ ነው። ሕጉ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ወንዱ ግን 18 ዓመት መሙላት ነበረበት። ሴቲቱ ባገባች ቀን በሕግ ፊት ከሞግዚት ነፃ ወጣች ይባላል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 635 ደግሞ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘዋለች ይላል። የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከአባቷ ሥልጣን ወጥታ በባሏ ሥልጣን ሥር ገባች ማለት ነው። ከምን ትተዳደራለች ብሎ የጠየቃት የለም፤ ጋብቻው ራሱ እንደ መተዳደሪያ ተቆጠረ። ባልየው ቢሞት ወይም ቢፈታት ያለ ሞግዚት፣ ያለ ትምህርትና ያለ ገቢ የምትቀረው እርሷ ናት። ነፃነት ከመተዳደሪያ ሲነጠል ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ በሕጋችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የገጠሩን ሰው መተዳደሪያ የለወጠው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የማከፋፈሉ ሥልጣንም በገበሬ ማኅበር እጅ ገባ። ከዚያ በፊት ልጅ ጎጆ ለመውጣት የአባቱን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማኅበሩንም መዝገብ ይጠብቅ ጀመር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ በግብርና ለመተዳደር የሚፈልግ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመሬት ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳለው ደነገገ። እናትና አባታቸውን ላጡ ልጆችም መብቱን ሰጠ፤ ነገር ግን 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የሚጠቀሙት በሞግዚት አማካይነት እንዲሆን ወሰነ። ጥበቃው በቅን ልብ የታሰበ ነው። ሆኖም ታናናሾቹን ይዞ የወላጆቹን ማሳ የሚያርስ የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። በሬውን የሚጠምደው፣ ቡናውን የሚለቅመው፣ በቆሎውን ወደ ገበያ የሚያወርደው እርሱ ነው። የኪራይ ውል የሚፈርመው ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ታማኝ አጎት ከሆነ ደኅና፤ መሬቱን የሚመኝ ከሆነ ግን ሕጉ ለልጁ ያቆመለት አጥር በራሱ ላይ ይዘጋበታል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የተከሠተው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏልና ይህ ምሳሌ የሩቅ ሐሳብ አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ትልልቅ ስሕተቶችን አርሟል። የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69 ሲያወጣ ይህንኑ የ18 ዓመት ወሰን ይዟል። ከሞግዚት ነፃ የማውጣቱም ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ጉባኤ ወደ ፍርድ ቤት ተሻገረ፤ በፌደራሉ ሕግ ልጁ 14 ዓመት ከሞላው ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። ጋብቻ ነፃ ማውጣቱ ግን አልቀረም፤ ከ18 ዓመት በታች በልዩ ፈቃድ የሚፈጸም ጋብቻ አለና ያ አሮጌ በር ዛሬም ገርበብ ብሎ ይገኛል። ፍርድ ቤቱ ስለሚመረምረው ነገርም ሕጉ ዝርዝር አላስቀመጠም።

ሕጎቻችን እርስ በርስ የማይናበቡትም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 15 ዓመት የሞላውን ልጅ ቅጣቱ ቢቀልለትም ለጥፋቱ ተጠያቂ ያደርገዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ከሥራው የሚያገኘውን ገቢ ራሱ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ በዚያው ዕድሜም ከሞግዚት ነፃ ሊያወጣው ይችላል። ይህ ማለት የ14 ዓመት ልጅ ነፃ ልውጣ ብሎ ቢያመለክትና ዳኛው ከምን ትተዳደራለህ ብለው ቢጠይቁት፣ በሕጋዊ ቅጥር የተገኘ ደመወዝ ሊያሳይ አይችልም። አንዱ ሕግ የከፈተውን ሌላው ዘግቶታል። ይህ የሆነው የትኛውም ሕግ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ራስን የመቻልን ጥያቄ ከሥሩ ያነሣ አንድም ሕግ ስለሌለ ነው።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ከተሞች ይህ ጥያቄ በየግቢው አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደራቸው የራቀባቸው የገጠር ልጆች ከተማ ገብተው ቤት ይከራያሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ከአከራይ ሰርቪስ ቤት አንዲት ክፍል ይይዛሉ። በግድግዳው ላይ ልብስ በምስማር ተሰቅሏል፤ በአንድ ጥግ ከቤት የመጣ የበቆሎ ወይም የጤፍ ዱቄት በማዳበሪያ ቆሟል፤ በሌላው ጥግ የከሰል ምድጃና አንድ ድስት አለ። ስንቅ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ ብር ሲያልቅ አንዱ ዕቃ ይሸከማል፣ አንዱ ጫማ ይጠርጋል፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች። ኪራይ በወር በወሩ ይከፍላሉ፤ ባለሱቅ በዱቤ ደብተሩ ላይ ይጽፋቸዋል። በኑሮ ደረጃ ከአሳዳጊ ተለይተው ይኖራሉ፤ በሕግ ፊት ግን የኪራይ ውላቸው እንኳ የሚጸና ውል መሆኑ ያጠራጥራል። ሁሉም ከወላጅ ሥልጣን ነፃ ይውጡ የሚል የለም፤ አብዛኞቹ ከኋላቸው ስንቅ የሚሰፍር እናትና አባት አላቸው። ከመካከላቸው ግን ማንም የሌለው አለ፤ ሕጉ የተጻፈውም ለእርሱ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የልጅ ጉልበት ነው። መተዳደሪያን መስፈርት ማድረግ ልጅን ከትምህርት አውጥቶ ወደ ሥራ መግፋት አይሆንምን? ወላጅስ ይህን ሰበብ አድርጎ የማሳደግ ግዴታውን አይሸሽምን? ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን መስፈርቱን መተው አይደለም። መስፈርት የሌለው በር ለማንም ክፍት ነው፤ ልጁን ሊጥለው ለሚፈልግ ወላጅና ሊጠቀምበት ለሚፈልግ አሠሪ ጭምር። የሌላውን አገር ብናይ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሕግም እንደ እኛው 14 ዓመትን መነሻ ያደርጋል፤ ነገር ግን ልጁ ወላጁ ፈቅዶለት ወይም ሳይቃወመው ተለይቶ የሚኖር መሆኑን፣ ገንዘቡን ራሱ የሚያስተዳድር መሆኑን፣ ገቢውም ከወንጀል ያልመጣ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች የሚጠብቁት ልጁን ነው። ዳኛው ገቢው ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁ በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለህ፣ ትምህርትህስ የሚለው አብሮ ይወጣል። የማይገባ ብዝበዛ ካለ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ልጁ ከሞግዚት ነፃ መውጣቱ ወላጁን ቀለብ ከመስጠት ግዴታ እንደማያወጣው በሕጉ በግልጽ ቢሰፍር የሸሺው መንገድ ይዘጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህል የሚመጣ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ልጅ ከቤተሰብ የሚለይበትን መንገድ መጥረግ የእኛ ወግ አይደለም የሚሉ አሉ። የእኛ ወግ ግን ልጅን ያለ ሀብትና ያለ ሙያ አስቀምጦ በአንድ ቀን ሰው ነህ የሚል አልነበረም። በሕፃንነቱ ጊደር የሰጠው፣ በእርከን ያሳለፈው፣ በሽማግሌ ፊት ያስመሰከረለት ይኸው ባህል ነው። ልጅ ሳይሰበር የሚያድገው በትንሹ እየተማመኑበት ነው የሚለውን ሐሳብ ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም። ከቤተሰብ ጋር መኖርና በራስ ስም መዋዋል የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፤ የ16 ዓመቱ ገበሬ የኪራይ ውሉን በራሱ ስም ቢፈርም ከአጎቱ ማዕድ አይለይም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የማስረጃ ነው። ገቢን በሰነድ ማስረዳት ለከተማ ሀብታም እንጂ ለገጠር ልጅ የሚሆን አይደለም ይባላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 14፣ 15 ወይም 16 ዓመት የሆናቸው የወለጋ ልጆች ከመወለዳቸው ጋር የተጻፈ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ዕድሜያቸውን የሚያውቀው በሐኪም ግምት፣ በክርስትና ካርድ ወይም በምስክር ቃል ነው። እርግጠኛ ነው የምንለው ቁጥር ራሱ ግምት ነው ማለት ነው። ኑሮው ግን ይታያል። የባለሱቁ የዱቤ ደብተር፣ የቡና መሸጫ ደረሰኝ፣ የኪራይ መክፈያ ወረቀት፣ የመምህሩ ቃል፣ ማሳውን ሲያርስ ያየው ጎረቤት፣ እነዚህ ሁሉ ለዳኛ የሚቀርቡ ማስረጃዎች ናቸው። በነቀምቴ ችሎት አንድ ልጅ ከዕድሜው ይልቅ መተዳደሪያውን በተሻለ እርግጠኝነት ሊያስረዳ ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ሐሳብ ቀላልና ሊፈጸም የሚችል ነው። ጋብቻ ብቻውን ልጅን ከሞግዚት ነፃ ማውጣቱ ይቅር፤ የሚያገባ ሰው ራሱን መቻሉ በጋብቻው ሳይሆን በኑሮው ይታይ። ፍርድ ቤት ነፃ እንዲያወጣ ሲጠየቅ አራት ነገር ይመርምር። ልጁ ለተወሰነ ጊዜ በሕጋዊ ሥራው የተዳደረ መሆኑን፣ ገንዘቡንና ዕዳውን በአግባቡ የያዘ መሆኑን፣ የሚያውቁትና ሲቸገር የሚደርሱለት ሰዎች ያሉት መሆኑን፣ ትምህርቱ ወይም ሙያው ያልተቋረጠ መሆኑን። ልጁም ዘመዶቹ በሌሉበት ለብቻው ይደመጥ። የቤተሰብ ሕጉ የ14 ዓመት ወሰን ከሠራተኛ ሕጉ 15 ዓመት ጋር ይጣጣም። የመሬት ሕጉም ወላጅ ያጣና ማሳውን በእጁ የሚያርስ ልጅ በፍርድ ቤት ነፃ ሲወጣ በመሬቱ ላይ በራሱ ስም እንዲዋዋል በግልጽ ይፍቀድ። እነዚህን ለማድረግ አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። ኦኔሲሞስንና አስቴርን ነፃ ሰው ያደረጋቸው ትምህርት፣ ሙያና የሚቀበላቸው ማኅበረሰብ ነበር፤ ዛሬም ከሞግዚት እጅ የሚወጣ ልጅ ከነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለው ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ወረቀት አያቆመውም፤ ሦስቱም ካሉት ግን 18 ዓመት እስኪሞላው እንዲጠብቅ የሚያስገድድበት ምክንያት የለም።